ሃያ ሦስት ሰው ያስጠበቀው ባምላክ

ባምላክ ዕጣ ወጥቶለት አያውቅም። እቁብ ሲገባ የመጨረሻው ሳምንት የእሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሐዋሳ ለስብሰባ የሚሄድ ሰው በዕጣ ሲለይ፣ እሱ ሁልጊዜ ቢሮ ጠባቂ ነው። ስለዚህ ያን የሐምሌ ሰኞ ጠዋት፣ የቤት ማኅበሩ ሃያ አራት አባላት መሬት ክፍሉ አዳራሽ ተሰብስበው ከላስቲክ ባልዲ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ሲያወጡ፣ እሱ እጁን የከተተው ለደንቡ ያህል ነው። ወረቀቱን ሲፈታው «1» ይላል። የሰው ወረቀት ያነሳ መስሎት ገልብጦ አየው። ከጀርባው ምንም የለም።

ኋላ «ምን ሆነና ነው?» እንዳትሉኝ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ድሮ ቢሆን ዕጣው ቦታውን ራሱን ነው የሚሰጥህ። አምስት ከወጣልህ አምስት ቁጥር ቦታ ያንተ ነው፤ አመስግነህ ወይም ተራግመህ ትሄዳለህ። ዘንድሮ ግን አሠራሩ ዘመነ ተባለ። ዕጣው ተራ ብቻ ያወጣል። አንደኛ የወጣው ሰው ከሃያ አራቱ ቦታ የፈለገውን መርጦ ይፈርማል፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ደላላ እንዳይገባበት ተብሎ ተራ መለዋወጥ ክልክል ነው። ፊተኛው ሳይፈርም ኋለኛው ብዕር አያነሳም። እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ፊርማው ካላለቀ ደግሞ ማኅበሩ እንዳለ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል። እዚህ ለመድረስ ስድስት ዓመት ጠብቀዋል።

እንግዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሰው አለ። ዕጣው ሄዶ ሄዶ የባምላክ እጅ ላይ ወደቀ።

ባምላክ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ይሉኝታ ከእናቱ ማህፀን አብሮት የወጣ ይመስላል። ገበታ ሲቀርብ ሌላው ያልነካውን ጥግ ይፈልጋል። ባጃጅ ውስጥ የሚገባው ሁሉም ከገባ በኋላ ስለሆነ ግማሽ ቂጡ ውጭ ሆኖ ነው የሚሄደው። አንድ ቀንማ ምግብ ቤት ገብቶ አስተናጋጇን «ዛሬ ያልተነሳላችሁ ምግብ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቃትና፣ ልጅቱ ከጤና ቢሮ የመጣ ተቆጣጣሪ መስሏት ባለቤቱን ጠራች። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ፣ ከሃያ አራት ቦታ ምረጥ ያሉት።

«እናንተ ቅደሙ» አለ ወዲያው፣ ከአፉ አመለጠው።

የመሬት ክፍሉ ሠራተኛ እንደማይቻል ነገረው። ባምላክ ዞሮ ሁለተኛ የወጡትን እማማ የብርጓልን አያቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በማኅበሩ የተተኩ አሮጊት ናቸው። እሳቸውም አንተ ቅደም ልጄ፣ ለእኔ የተረፈው ይበቃኛል አሉት። ሦስተኛውም የተረፈው ይበቃኛል አለ። የማኅበሩ ሰብሳቢ አስናቀ የባምላክ የወጣትነት ጓደኛ ነው፤ የአንድ ቤት ልጆች ያገቡ ናቸው። ሃያ አራተኛ፣ ማለትም መጨረሻ የወጣው እሱ ነበርና ደረቱን ነፍቶ ለእኔማ የተረፈው በዝቶ ነው አለ። ሃያ ሦስቱም እንዲሁ አሉ። ሃያ ሦስቱም ዋሹ። እያንዳንዳቸው ከዓመት በፊት ቦታውን በእግራቸው ለክተው፣ ወጥ ቤቱን የት እንደሚያደርጉት ሳይቀር ወስነው ነበር።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ሊደርሱ ሲሉ ያለ ገላጣ ነው። አንድ ቁጥር አስፋልት ይነካል። ሦስት ቁጥር ለውኃ መስመሩ ቅርብ ነው። በአሥራ ሰባት ቁጥር መካከል ግን የጉማሬ መንገድ ያልፋል። ጉማሬው ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ሊግጥ ሲሄድ አያቶቹ በሄዱበት ነው የሚሄደው፤ ካርታ አያነብም። ዘጠኝ ቁጥር ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ነፋሱ ከሐይቁ በቀጥታ ይመጣበታል። አባላቱ አምና ቦታውን ሊያዩ የሄዱ ዕለት ባምላክ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ቆሞ መሄድ አቃተው። ልቡ እዚያው ቀረ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ማታ ለሚስቱ ለአገርነሽ ዕጣውን ሲነግራት እልል አለች። አገርነሽ በፋብሪካ የስፌት ክፍል ተቆጣጣሪ ናት፤ በአሥራ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ስድስት የኪራይ ቤት ቀይረዋል፤ አሁን ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ያሉበት ሰባተኛው ነው። ባሏ ግንባሩን ሲያሽ አይታ ሳቀች።

«ምን ያስጨንቅሃል? እኔን ስትመርጥ ማንን አማከርህ?»

ባምላክ ወሬውን ቶሎ ብሎ ወደ ልጃቸው ወደ መሲ የትምህርት ቤት ካርድ አዞረው።

ማክሰኞ እሱ መዝገብ ቤት የሚሠራበት ኮሌጅ ለሠራተኞቹ የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። ርዕሱ «የውሳኔ አሰጣጥ ዘይቤዎን ይወቁ» ይላል። ባምላክ እግዜር የላከልኝ ነው ብሎ በጠዋት ሄደ፤ ሁሉም እስኪቀመጥ በር ላይ ቆሞ ጠበቀና እግሩ የተሰበረ ወንበር ደረሰው። አሠልጣኟ ወንጌላዊት የምትባል ወጣት መምህርት ናት። አርባ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አደለች፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አለው። ሲያልቅ ይደመርና ሰውየው የሚቸኩል፣ የሚመዝን፣ የሚያማክር ወይም የሚሸሽ መሆኑ ይታወቃል።

ባምላክ መጀመሪያ ግራና ቀኙ ያሉት ሰዎች የቱን እንዳከበቡ አየ። ብዙው ሰው «ለ»ን ሲያከብብ «ሐ» ተረስታ እንዳትቀር «ሐ»ን አከበበላት። ቀጥሎ «መ» አሳዘነችው። እንዲህ እያለ አርባውንም ጨረሰ። ወንጌላዊት ወረቀቱን ደመረችው፤ ሁለተኛ ደመረችው፤ መነጽሯን ወልውላ ሦስተኛ ደመረችው። ከአራቱ ዘይቤ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ወጡ።

«አቶ ባምላክ፣ ወይ አራቱም ዘይቤ አለብዎት፣ ወይ አንዱም የለብዎትም» አለችው።

«የትኛው ይሻላል?» አላት፣ ከልቡ ነው።

ወንጌላዊት ሳቋን ቻል አድርጋ፣ መወሰን የሚከብደን አንዳንዴ መረጃ ስለሚያንሰን ነው፣ መረጃ ይሰብስቡ ብላ ሸኘችው። ምክሯ መልካም ነበር። እሷ ስለ መሬቱ ማለቷ ነው፤ ባምላክ ግን ስለ ሰዉ አደረገው። ሃያ ሦስቱ አባላት የሚፈልጉትን ቦታ አንድ በአንድ ጠይቄ፣ ማንም ያልፈለገውን እኔ እወስዳለሁ አለ። እንዲህ ሲያስብ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ቀለል አለው።

የዓመት ፈቃድ ሞልቶ፣ ደብተርና ጃንጥላ ይዞ ረቡዕ ጠዋት ወጣ። የመጀመሪያው ቤት ሽሮ በላ። ሁለተኛው ቤት ሽሮ በላ። ረቡዕ ጾም ነውና በየቤቱ ሽሮ ነው፤ እምቢ ማለት ደግሞ ባምላክ አልፈጠረበትም። ስለ ቦታው ሲጠይቅ ሁሉም የተረፈው ይበቃኛል ይሉታል። እሱም ይለምናል። እነሱም ይግደረደራሉ። በመጨረሻ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ነው የልባቸው የሚወጣው። አንዱ እኔ ምንም አላልሁም፣ ብቻ ሦስት ቁጥር ውኃው ቅርብ ነው ይላሉ፣ ይላሉ ነው እንጂ እኔ አላልሁም አለው። ሌላዋ ስድስት ቁጥርን በሕልሟ እመቤታችን አሳይታት እንደነበር፣ ግን ሕልም ሕልም ነው፣ ልብ እንዳይለው ነገረችው። ሰባተኛው ቤት ሲደርስ ቀበቶውን ፈታ።

እማማ የብርጓል ዘንድ ሲደርስ ዘጠኝ ቁጥርን አነሱ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከዚያ ይሰማል፤ ጉልበታቸው ቅዳሴ መሄድ እምቢ ያለ ቀን እቤታቸው ሆነው ይሳለማሉ። ባምላክ ደብተሩ ላይ «9» ብሎ ጻፈ።  ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ ፈላጊ አለው ብሎ ሰረዘው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሃያ ሦስተኛውን ቤት ጨረሰ። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ቦታ ጠቅሶለታል፤ ከሃያ አራቱ ስሙ ያልተነሳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አሥራ ሰባት። የጉማሬው። ባምላክ ደስ አለው። ማንም አይከፋውም። የሐይቁን ዳር ዳር ይዞ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘውና አንድ የዛፍ ጥላ ሥር እስኪያባራ ብዙ ቆየ።

እሱ በሌለበት ቤቱ ደጃፍ ላይ ምን እየሆነ እንደነበር ልንገራችሁ። አባላቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ከሥራ ሲወጡ አጥሩ ሥር መጥተው መቀመጥ ይዘው ነበር። አይናገሩም፣ አይጨቀጭቁም፤ ለማበረታታት ነው ይላሉ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሁሉም መጡ፤ ብዙዎቹ ፈቃድ ጠይቀው ነው። ዝናቡ ዶፍ ሆነ። አስናቀ የእድሩ ንብረት ያዥም ነውና ከምንበሰብስ አለና የእድሩን ድንኳን አስመጥቶ ባምላክ በር ላይ አስተከለው። አግዳሚ ወንበሮቹንም አስደረደረ። ሃያ ሦስት ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ በእድር ድንኳን ውስጥ በዝምታ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ በሆነው ሰፈሩ ላይ የሚፈርድ ካለ እሱ አገሩን አያውቅም።

መጀመሪያ የገቡት ፊት ለፊት ያሉት ባልና ሚስት ናቸው። ቀጥሎ ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ ገባ። ሴቶቹ አንድ ቤት ተሰብስበው ንፍሮ መቀቀል ጀመሩ። ባምላክ ጃንጥላውን እያራገፈ ሲደርስ ድንኳኑ ከአርባ ሰው በላይ ይዟል። ባለ ሱቁ ተነሥቶ እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

«እግዜር ያጥናህ፣ ባምላክ።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ የሞተ የለም» ይላል። ባምላክ ግን ሱቁን ዘግቶ የመጣን ሰው ምን ብሎ ያሳፍረው? «አሜን» አለ። ማነው ሲሉት ሩቅ ነው አለ። ሩቅም ቢሆን ዘመድ ነው ብለው ይብስ አዘኑለት። ከማኅበሩ አባላት የተወሰኑት ግራ ገብቷቸው ተያዩ፤ በዚህ ጭንቀት መካከል ሰው ሞቶበት ነው ለካ ብለው እነሱም ተነሥተው አጽናኑት። ንፍሮው መጣ። ባምላክ አንድ እፍኝ ተቀብሎ ጥግ ላይ ቆመ። አንድ ሽማግሌ የራሳቸው ወንድም ትዝ አላቸውና ማልቀስ ጀመሩ።

በዚህ መካከል አባ ኪዳነ ወልድ የሚባሉ የሰፈሩ ካህን በመንገድ ሲያልፉ ድንኳኑን አይተው ገቡ። መስቀላቸውን አሳልመው የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። ያለ ክርስትና ስም ጸሎት አይደረግለትምና ቆመው ይጠብቃሉ። ሰዉም ሁሉ ተነሥቶ ይጠብቃል። ባምላክ አእምሮው ድርቅ አለ። ስንት የክርስትና ስም አለ፤ ወልደ ገብርኤል አለ፣ ገብረ ማርያም አለ፣ ኃይለ ሥላሴ አለ፤ ከዚያ ሁሉ የቱን ይምረጥ? ሲጨንቀው የራሱን ሰጣቸው።

«ወልደ ዮሐንስ» አለ ቀስ ብሎ።

አባም አንገታቸውን ነቅንቀው ዜማቸውን ጀመሩ። ባምላክ ነጠላ ተውሶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ንፍሮውን እንደያዘ ለገዛ ነፍሱ ሲጸለይ አዳመጠ።

አገርነሽ ከሥራ የምትመለስበት ሰዓት ነበር። ከመንገዱ ጥግ ስትታጠፍ በርዋ ላይ ድንኳን አየች።  እናቴ ናት አለች በሆዷ። እየሮጠች ስትቀርብ የአባ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማት፤ «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ዮሐንስ።» ያን ስም በዚያ ሰፈር የሚያውቀው እሷ ብቻ ናት። ጃንጥላዋን ወረወረች። ጩኸቷ ሰፈሩን አቋርጦ ሄደ። ጭቃው ላይ ወድቃ ተንከባለለች፤ ሴቶች ሮጠው ያዟት፤ «ባምላክዬ፣ እኔን ለማን ጥለኸኝ» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ያዩዋት ሁሉ አለቀሱ። ከሰዎቹ መካከል ባምላክ ንፍሮውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«አገርነሽ፣ እኔ እኮ ነኝ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ተነሥታ በሁለት እጇ ፊቱን ዳሰሰችው፤ ከዚያ ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ አቅፋው ተንሰቀሰቀች። ያን ያህል እንደምትወደው እሷም እስከዚያ ሰዓት የምታውቅ አይመስለኝም። ሰዉ ግን ግራ ተጋባ። አባ ታዲያ የማንን ነፍስ ነው ያሳረፍሁት ብለው ቆሙ። ባለ ሱቁ ሱቁን ለምን እንደዘጋ ጠየቀ። ማጉረምረሙ ሲበረታ አስናቀ ነገሩን ላብርድ ብሎ አግዳሚ ላይ ወጣ። ስለ መሬቱ፣ ስለ ተራው፣ ስለ ድንኳኑ አስረዳ። ባምላክ ሰው እንዳላሳፍር ብሎ ነው እንጂ ተንኮል የለበትም አለ። ሲያመሰግነው ጊዜ አንደበቱ ሞቀ።

«ይህ ሰው ከጥንትም እንዲህ ነው። ዱርቤቴ አስተማሪ ሳለን ሦስት ጓደኛሞች ከአንድ ቤት ሦስት እህትማማች ልናገባ ተስማማን። ቴዎ ጽጌን አለ፤ እኔ እናትዓለምን አልሁ። ባምላክ ምን አለ መሰላችሁ? እናንተ ቅደሙ፣ ለእኔ የምትተርፈዋ ትበቃኛለች አለ።»

ሰዉ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው በዚህ ዘመን የለም ተባባለ። ከባምላክ አንገት ላይ የአገርነሽ እጅ ተፈታ።

ድንኳኑ እየፈረሰ ሳለ እሷ ቤት ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጭቃው ፊቷ ላይ ደርቋል። ባምላክ ውኃ ይዞላት ገባ። አልተቀበለችውም።

«አስናቀ ያለው እውነት ነው?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ የትኛውን ውሸት እንደሚመርጥ ግን አላወቀም።  እሷም ገባት።

«የትኛውን ቦታ ልትፈርም ነው?» አለችው።

«አሥራ ሰባትን።»

«የጉማሬውን?»

«ማንም አልፈለገውማ። ማንም አይከፋውም።»

አገርነሽ ሳቀች፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። «እኔንም ማንም አልፈለገኝም ነበር። አሥራ አራት ዓመት የተመረጥሁ መስሎኝ ኖርሁ። ቀና ብዬ የሄድሁት በዚያ ነው።» ተነሥታ የመሲን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። «ነገ የፈለግኸውን አድርግ። አሥራ ሰባትን ከፈረምህ ግን ብቻህን ግባበት። ሁለተኛ በትራፊ አልኖርም።»

ዓርብ በጠዋት ልጇን ይዛ ዱርቤቴ እናቷ ዘንድ ሄደች።

ባምላክ አዳራሹ የደረሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሃያ ሦስቱ ቀድመውታል። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሃያ አራት ትናንሽ ሣጥኖች አሉበት። ሠራተኛው ብዕር ሰጠው። ባምላክ ብዕሩን ይዞ ግማሽ ሰዓት ቆመ። አንዱ ያስላል፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ አንዷ በሆዷ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ ማንም ግን ቶሎ በል አላለውም፤ ነውር ነዋ። አሥራ ሰባት ለማለት ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ። ሦስቱንም ጊዜ አገርነሽ ጭቃው ላይ ስትንከባለል ታየችው። ያ ሁሉ ልቅሶ ለእሱ ነበር። ለእሱ እንዲህ ያለቀሰችለትን ሴት፣ ማንም ስላልነካት እንደወሰዳት ሰው ፊት ተነግሮ፣ እሱ ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር። በገዛ ራሱ አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ፊት ሲያፍር የኖረ ሰው በገዛ ራሱ ሲያፍር የመጀመሪያው ነው።

«ዘጠኝ» አለ።

«ስንት?» አለ ሠራተኛው።

«ዘጠኝ።» ከዚያ ዞሮ እማማ የብርጓልን አያቸው። ጣሪያው የሚወድቅ መስሎት ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። እርስዎ እንደሚፈልጉት አውቃለሁ። እኔም እፈልገዋለሁ።»

እማማ የብርጓል ከመነጽራቸው በላይ ብዙ አዩት።

«አምስት ቀን ሙሉ ያንገላታኸን ይህችን ለማለት ነው?» አሉት። ወደ ሠራተኛው ዞረው «አሥርን ስጠኝ» አሉና ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ሃያ ሁለት ሰዎች በሃያ ደቂቃ ጨረሱ። ሦስት የፈለገው አራት ወሰደ፤ እመቤታችን ስድስትን ያሳየቻት ሴት ስምንትን ይዛ በደስታ ወጣች። ለአስናቀ የተረፈው አሥራ ሰባት ብቻ ነው፤ እሱን ፈረመ። እማማ የብርጓል ሲወጡ ለሁሉም ደህና ዋሉ ብለው ባምላክን ዘለሉት። ባምላክ ግን በእግሩ ቆሞ ነበር፤ ሄዶም ራቱን በላ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ዱርቤቴ ወረደ። የገበያ ቀን ነበርና በሰውና በከብት መካከል እየተጋፋ ወደ አማቱ ቤት ወጣ። አማቱ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በር ላይ አገኙት፤ ግባ አላሉትም፣ ሂድም አላሉትም፤ አጥሩ ሥር ድንጋይ አሳይተውት ልጃቸውን ጠሩ። አገርነሽ እጇን እያደረቀች ወጣችና ራቅ ብላ ቆመች።

«ዘጠኝን ወሰድሁ» አላት።

«ማን ይፈልገው ነበር?»

«እማማ የብርጓል።»

«ከፋቸው?»

«ከፋቸው።»

ትንሽ ቀረብ አለች። ያኔ ከሦስታችን ማንን ትፈልግ ነበር፣ እንዳትዋሸኝ አለችው። ባምላክ መሬት መሬቱን አላየም።

«ያኔ ማንንም አልፈለግሁም። ሦስታችሁንም ቀና ብዬ አላየሁም፤ አፍሬ ነበር። አንቺን የፈለግሁሽ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቤታችን ጣሪያው ሲያፈስ፣ ድስትም ባልዲም ደርድረሽ አልቆ፣ በመጨረሻ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አንሥተሽ ከሚያፈሰው ሥር ያስቀመጥሽ ቀን። ያን ቀን ማንም መጥቶ ስጠኝ ቢለኝ አሳልፌ አልሰጥሽም ነበር። ይህን መናገር ነበረብኝ፤ ሳልናገር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። አሁን ሽማግሌ አልላክሁም፤ ራሴ ነኝ የመጣሁት። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?»

አገርነሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችው።

«ያኔ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችው። «ሽማግሌ መጣ፣ አባቴ እሺ አለ፣ ቀሚስ አለበሱኝ። ከሦስታችሁ ማንን እንደምፈልግ አንድ ሰው አልጠየቀኝም።»

 «ማንን ነበር የምትፈልጊው?»

«የመጣኸው ስለ ያኔ ልትጠይቀኝ ነው? እኔ ስለ ዛሬ ነው የምነግርህ። ገና ዛሬ ነው የተጠየቅሁት» አለችው። «ላስብበት።»

ገብታ በሩን መለስ አደረገችው፤ አልቆለፈችውም። ባምላክ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ቀኑ ረፈደ፤ ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ወጣች፤ ገበያተኛው ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። አማቱ ከጓሮ ሲወጡ አየና ልጃቸው ምን ልትል እንደሆነ ሊጠይቃቸው ብድግ አለ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።